ሻምበልን ማን ከፈተው?

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … አንተ ነህ እንዴ! ቆይ፣ ስፒሉን ከአፌ ላውጣ… እሺ። ደህና ነህ? … ልጆቹስ? … እሷስ? … እሰይ፣ እሰይ። እኛም ደህና ነን። አባባም ደህና ነው። ሁላችንም ደህና ነን። … ለምን ደጋገምሽው ትለኛለህ? ዝም ብዬ ነዋ። ደህና ስለሆንን።

— እ? … ዕቃው? የምን ዕቃ? … ኧረ ረስቼው አይደለም፤ አንተ መጽሐፉንም ዕቃውንም ሁሉ በእኔ አድራሻ ስለምታስልክ የትኛውን እንደምትል ግራ ገብቶኝ ነው። … አዎ፣ ሻምበል። … ደርሷል። … ደርሷል አልኩህ እኮ! ማክሰኞ ነው የደረሰው። … አትጩህ እንጂ፣ ጆሮዬን አደነቆርከው! አርባ ሦስት ዓመት የሞላህ ሰውዬ፣ የማደንዘዣ ሐኪም፣ የሁለት ልጆች አባት… በአሻንጉሊት እንዲህ ይጮሃል?

— እሺ፣ አሻንጉሊት አይባልም። ምን ነበር የሚባለው? … «የድሮው ሞዴል ዘመናዊ ቅጂ»። እሺ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። … የጃፓን፣ አዎ። … ሙሉ ብረት የሆነው፣ ሰው ሆኖ ቆይቶ ሲታጠፍ አውሮፕላን የሚሆነው። ለእኔ ታስረዳኛለህ? ልጅ ሆነህ የተጫወትክበት የመጀመሪያው ሻምበል እግሬ ላይ ወድቆ ስንት ቀን ነው ያነከስኩት! ቤት ስንቀይር ሲጠፋ አንተ ስታለቅስ እኔ በሆዴ ተመስገን ብያለሁ።

— መምህር፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ይታገሱኝ! ሱሪዎ እየደረሰ ነው። … አይ፣ ላንተ አይደለም። የሒሳብ መምህሩ ናቸው። ሱሪያቸውን ላሳጥርላቸው አውልቀው ሰጥተውኝ መጋረጃው ኋላ ቆመዋል። ከአንድ ሰዓት በላይ ሆናቸው፣ ምስኪን። … ለምን አልሰፋሁላቸውም? ጠረጴዛዬ ስለተያዘ ነዋ። … በምን? … እሱን እደርስበታለሁ። አትቸኩል።

— ካርቶኑ? ካርቶኑ ደህና ነው። … ማዕዘኑ አልተጨማደደም። … አዎ፣ አራቱንም አይቻለሁ። … ካርቶኑ የታሸገባት ክቧ ተለጣፊ ወረቀት? እሷም አለች። … አለች አልኩህ እኮ። … ሙሉ ናት ወይ? … እንግዲህ ሙሉ ስትል… አለች፣ ግን ሁለት ቦታ ሆና ነው ያለችው።

— ሄሎ? … ሄሎ! ትሰማኛለህ? … ተቋረጠ እንዴ? … አለህ? ታዲያ ትንፋሽህ የት ገባ? … ወንበር አለ አጠገብህ? ተቀመጥ እስቲ። … ተቀመጥክ? አሁን ለበሽተኞችህ መርፌውን ስትወጋቸው እንደምትላቸው ከአሥር ወደ ኋላ ቁጠር። … ዘጠኝ… ስምንት… ጎበዝ።

— እኔ? እኔ አልከፈትኩትም! ምን ቆርጦኝ! ከመስኮት አርቂው አልከኝ፣ አራቅኩት። ከካውያ አርቂው አልከኝ፣ አራቅኩት። ያለ ጓንት እንዳትነኪው ስላልከኝ፣ ጓንት የለኝም ብዬ በሁለት ሻሽ አቅፌ ነው ከፖስታ ቤት ያመጣሁት። መንገድ ላይ ያገኘችኝ ጎረቤት ሕፃን መስሏት «ማን ወለደ?» አለችኝ።

— ታዲያ ማን ከፈተው ትለኛለህ? እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ማን አለ? … አዎ። … አዎ፣ አባባ ነው።

— እህ! አባባ ላይማ አይጮህም። እኔ ላይ ነበር የምትጮኸው። …

— ስብሰባችሁ እሁድ እንደሆነማ፣ ከዚያ በፊት ልልክልህ እንደሚገባም አውቃለሁ። … አውቃለሁ ስልህ። ሰባት ትልልቅ ሰዎች ትሰበሰቡና፣ ነጭ ጓንት ታጠልቁና፣ አዲስ የመጣለት ሰው በሁላችሁም ፊት ወረቀቷን በምላጭ ይቆርጣል። ከዚያ በየተራ አፍንጫችሁን ካርቶኑ ውስጥ ከታችሁ ታሸታላችሁ። በላስቲኩ አሻግራችሁ ታያላችሁ፣ ትከድኑታላችሁ። ማንም አይነካውም። … ስንት ጊዜ ነግረኸኛል! … ተራህን ዓመት ሙሉ ጠብቀሃል። … አዎ፣ ዳኛው ጓደኛህ ሲከፍት እንባው መጣ ብለኸኛል። ያን ቀን ስስቅ ስፒል ልውጥ ነበር። … አልስቅም! ሳል ነው። አቧራ ነው፣ የጨርቅ አቧራ።

— ለምን ከፈተው? እኔ ምን አውቃለሁ! ክርና ዚፕ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ሻምበል ጠረጴዛዬ ላይ ጉብ ብሏል። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሕፈት የጃፓን ነው፣ አባባ አንዱን ፊደል አያውቀውም። ሥዕሉን ግን አወቀው። «ይሄ የልጄ ሻምበል አይደለም እንዴ? ምን ሆኖ መጣ?» አለኝ። … እኔንጃ፣ እንዲጠገን የላክኸው ነው የመሰለው። ያኔ ሲሰበርብህ ለማን ነበር የምትወስደው? ጉልበቱን ስንት ጊዜ በስፌት መኪና ሞላ ጠግኖልሃል!

— ቆይ፣ ገና ነኝ። ቁጥሩን ቀጥል። … ሰባት… 

— ክንዱን ሲያነሳው ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ። … አሁንማ አወቅኩ! ከባድ ስለሆነ ክንዱ ባለበት እንዲቆም፣ ውስጡ ጥርስና ሞላ አለው። ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የሚለው። አባባ ግን አርባ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና የጠገነ ሰው ነው። እሱ ዘንድ ብረት ቀጭ ካለ ዘይት ጠማኝ እያለ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። … አዎ። … አዎ፣ ቀባው። … የስፌት መኪና ዘይት ነዋ! ታዲያ የምን ዘይት ይቀባው? የፀጉር? … ሁሉንም። ትከሻውን፣ ክርኑን፣ ወገቡን፣ ጉልበቱን… አንገቱንም። አባባ ሥራ ጀምሮ አይተውም።

— ሄሎ? … «አምላኬ» ነው ያልከው? ሰው ያናግር ወይም ይጸልይ።

— ከዚያማ፣ «ሞላው አጥብቆ ይዞታል» ብሎ ውስጥ ያለችዋን ብሎን አላላት። ሲያላላት ክንዱ ወደቀ። … አልተሰበረም! ተንጠለጠለ ማለቴ ነው። ታነሳዋለህ፣ ይወርዳል። ታነሳዋለህ፣ ይወርዳል። ተረኛ ሆኖ ያደረ ዘበኛ ነው የሚመስለው።

— ታዲያ አባባ ራሱ ነቃ። ትክ ብሎ ሲያየው ቆይቶ፣ «ይሄማ ተስቶ አይደለም፣ ታስቦ የተሠራ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። ዘይቱን ሊያነሳው ደግሞ… እንግዲህ አሁን ቶሎ ቶሎ ቁጠር… በቤንዚን ጠረገው።

— … ስልኩን ከጆሮዬ አርቄዋለሁ፤ ስትጨርስ ንገረኝ።

— ጨረስክ? … መምህሩ እኮ ሰምተውሃል፣ «ይሄ ሰውዬ ሐኪም ነው ያልሽኝ?» እያሉኝ ነው። … ቀለሙ? ፊቱ ደህና ነው። ደረቱም ደህና ነው። ጀርባው ትንሽ… ትንሽ ፈዘዝ ብሏል። አሥር ጊዜ የታጠበ ሸሚዝ በለው። … ማን ጀርባውን ያየዋል? እናንተ እንደሆነ ከፊት ነው የምታሸቱት። … እሺ፣ አላሾፍም። … «እታለም» እያልክ አታባብለኝ፣ እየነገርኩህ ነው።

— አሁንማ ፈትቶት፣ ነጭ ጨርቄ ላይ በተራ ደርድሮት፣ እያንዳንዷን አድርቆ መልሶ ገጥሞታል። ስልሳ ሦስት ፍሬ ነው፤ እኔ ነኝ የቆጠርኩት። … አንዲት ብሎን አልተረፈችም! አባባን አታውቀውም እንዴ? ሞላዋንም አጠበቃት። ክንዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቀጭ ቀጭም ይላል። … እውነቴን ነው።

— አንድ ነገር ብቻ ናት የቀረችው። ሲገጥመው መታጠፉ መሃል ላይ ቀረ። ሰውም አልሆነ፣ አውሮፕላንም አልሆነ። አንድ እግሩ ቆሟል፣ አንዱ እግሩ ክንፍ ሆኗል፣ ጭንቅላቱ ደረቱ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ብሏል። መምህሩ «ሰዓት ያለቀበት ተፈታኝ ይመስላል» አሉ። … መመሪያውማ አለ፤ ግን ቀስት ብቻ ነው፣ ቀስት በቀስት ላይ። እኔ ስንት ዓይነት ኮት የምቆርጥ ሴት፣ የቱን ከየት እንደሚያስገባው አልገባኝም።

— ምን? … ምን አልከኝ? … «ከፊቱ አንሺው፣ ከእንግዲህ እንዳይነካው»?

— ቆይ። ቆይ አንዴ፣ ልውጣ። መምህር፣ መጣሁ አሁን! … አባባ፣ ምንም አይደለም። ስልኩ ላይ ልጅህ ነው፤ አባባ እንዴት ነው ይልሃል። … እነግረዋለሁ።

— እሺ። በር ላይ ነኝ። አሁን ስማኝ፣ ቀልዱን እንተወው።

— አባባ የጥገና ሱቁን ከዘጋ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። … ታውቃለህ፣ ግን በስልክ ነው የምታውቀው። እኔ ነኝ አብሬው የምውለው። ጠዋት ይነሳል፣ መስኮቱ ጋ ይቀመጣል፣ ሬዲዮ ይከፍታል፣ አያዳምጠውም። ምሳ ሳቀርብለት «ሳልሠራ ምን ያስርበኛል» ይለኛል። ባለፈው ደግሞ እጆቹን እንዲህ ዘርግቶ አያቸውና «እነዚህን ምን ላደርጋቸው ይዣቸው እዞራለሁ?» አለኝ። … አልነገርኩህም። ምን ብዬ ልንገርህ? አንጀቴን በላው፤ እኔ ጋ ይቅር ብዬ ነው።

— ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ ካቻቢቴ ይዞ አገኘሁት። ያ የሚንቀጠቀጥ እጁ… አልተንቀጠቀጠም። አንዲት ስንዴ የምታህል ብሎን በወረንጦ አንስቶ አስቀመጣት። በሩ ላይ ቆሜ፣ ክርና ዚፔን እንደታቀፍኩ አለቀስኩ። … አዎ፣ በአሻንጉሊትህ። ረቡዕ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ጠበቀኝ። «ጠረጴዛውን ልቀቂልኝ፣ ሥራ አለኝ» አለኝ። ሥራ አለኝ! ትናንት ምሳውን በልቶ ጨምሪልኝ አለ። መቼ ነው አባባ ጨምሪልኝ ያለው?

— ዛሬ ግን መታጠፉ እምቢ ሲለው ቅስሙ ተሰበረ። የመፍቻ ሳጥኑን ዘጋው። «ልጄ አምኖ የላከውን አበላሸሁት። ሳጥኑን እንዳለ ለአሮጌ ብረት ገዢው ስጪልኝ» አለኝ። እንደዚህ ነው ያለኝ። አሁን መስኮቱ ጋ ተመልሶ ተቀምጧል።

— ስለዚህ አንተ ተበላሸ ካልከው አለቀ። ዳግመኛ ምንም አይነካም። … እኔ አልተበላሸም ብዬዋለሁ! እኔን አይሰማኝም፣ ላጽናናው ብዬ እንደሆነ ያውቃል። ካንተ ነው መስማት የሚፈልገው። … ዓመት የጠበቅከው እንደሆነ አውቃለሁ። ስቄብህ ይሆናል፣ ግን አውቃለሁ። …

— አለህ? … እያለቀስክ ነው? … እሺ፣ ጉንፋን ነው። ጉንፋን ይሁንልህ።

— ምን? … በስልክ? … አንተ እየነገርከኝ፣ እኔ እየነገርኩት? … ላስቲኩን ሳትከፍት መታጠፉን በምን አወቅከው? … በድሮው ነው? አንድ ናቸው? … እውነትህን ነው፣ ያኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነህ ታጥፈው ነበር። እሺ። እሺ፣ እየገባሁ ነው።

— አባባ! ተነስ እስቲ፣ ሻምበልን ያዘው። … እሱ ነው፣ ልጅህ። … ኧረ አልተቆጣም! «ያኔ እኔም ላይ እዚያው ጋ ነበር የሚጣበቀው» ይልሃል። … አላልክም እንዴ? አሁን ብለሃል፣ እኔ ብዬልሃለሁ። ቀጥል።

— አንገቱን መጀመሪያ ወደ ታች። አባባ፣ አንገቱን ወደ ታች ግፋው ይልሃል። … እምቢ አለኝ ይላል። … ወደ ቀኝ አዙሮ። ወደ ቀኝ አዙረው፣ አባባ። … የማን ቀኝ ይላል? … የሻምበል። የአንተ አይደለም አባባ፣ የሻምበል ቀኝ! … ስንት ያህል ይዙር ይላል። … ትንሽ ብሎ ነገር አለ? ትንሽ ማለት ስንት ነው? …

— መምህር፣ ያለ ሱሪ እንዳይወጡ! … ወጡ። … ምን አሉ? … «ዘጠና ዲግሪ ይመስለኛል» ይላሉ። ልክ ናቸው? … ልክ ነዎት ይልዎታል፣ መምህር። … አሁን ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተዋል፤ አንዱ በመነጽር፣ አንዱ በሸሚዝና በካልሲ። አሁን ደንበኛ ቢገባ ምን ብዬ ላስረዳ ነው?

— እሺ፣ ቀጥሎ። … ወገቡን መሳብ። ወገቡን ሳበው፣ አባባ። … ቀስ ብሎ። ቀስ ብለህ ይልሃል። … እ? … «አንተን ራስህን ቀስ ብዬ ያሳደግኩህ እኔ አይደለሁም ወይ?» በይው ይለኛል። … ተቆጣ! ሰማኸው? አባባ ተቆጣ! … እኔንም ደስ ብሎኛል።

— ቀጭ አለ! … አንድ ነው። … ሌላኛውም እግር… አባባ፣ ክንፏን ከጉልበቱ ኋላ አሳልፋት ይልሃል… ቀጭ! … ደረቱን አሁን… ጭንቅላቱ ወጣ! … ቆመ! ቆመ ስልህ፣ በሁለት እግሩ! … ጭብጨባው የመምህሩ ነው። … አባባ እያየው ነው። … ፊቱን? ፊቱን እንዴት ብዬ ልንገርህ… ያኔ የሰው ስፌት መኪና ጠግኖ ሲጨርስ ክንዱን አጣጥፎ የሚቆመው አለ አይደል? እንደዚያ ቆሟል።

— ስልኩን ስጪኝ እያለኝ ነው። … ልስጠው? … ያልኩህን አትርሳ። … እሺ። እንካ አባባ። … ገልብጠህ ነው የያዝከው፣ በዚህ በኩል ነው።

— … መምህር፣ ይግቡ እስቲ ወደ መጋረጃዎ። አሁን እሰፋልዎታለሁ። … እኔ ምን አውቃለሁ ምን እንደሚሉ? … «ጀርባውን አፈዘዝኩብህ» አለው። ወይኔ፣ እኔ ላለባብስለት ስደክም ራሱ ነገረው! … አሁን ይሰማል። … አሁንም ይሰማል። … እ፣ አባባ? ምን ልስጥህ? መጻፊያ? ከእኔ ጠመኔ ሌላ የለም፣ እንካ። ጨርቁ ላይ? … ጻፍ፣ ጻፍ፣ ይታጠባል። …

— ሄሎ? … እኔ ነኝ። ስልኩን እጄ ላይ ጥሎት ሄደ። ሳጥኑን ከፍቶ መፍቻዎቹን እየጠራረገ ነው። ምን ብለኸው ነው? … ሌሎች አራት አሉኝ አልከው? … እነሱም ይንጠለጠልባቸዋል? … አዎ፣ ይኸው ጨርቄ ላይ ተጽፏል፤ «አንደኛው ትከሻ፣ ሁለተኛው ጉልበት፣ ሦስተኛው ወገብ፣ አራተኛው አይታወቅም፣ ይታያል»። … ሰኞ ትልካቸዋለህ። … 

— ቆይ ግን፣ አንተ። እነዚያን አራቱን ከላስቲካቸው አውጥተሃቸው አታውቅም እኮ። ልጆችህን እንኳ በቁም ሳጥኑ መስታወት ነው የምታሳያቸው። መንጠልጠላቸውን በምን አወቅክ? …

— … 

— አንተ ሰውዬ። … 

— እንዴ፣ አራቱንም ልትከፍታቸው? … ጓደኞችህ ምን ይሉሃል? … ዳኛው ይፈርድብሃል እኮ። … እሺ። ዝም አልኩ። … እያለቀስኩ አይደለም፣ ጉንፋኑ ወደ እኔ ተላልፎ ነው።

— ታዲያ ስማኝ። በትንሿ ካቻቢቴ፣ ሩብ ዙር ብቻ። ሁሉንም እኩል እንዳታላላቸው፣ አርባ ዓመት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ይነቃብሃል። … አዎ፣ አንዱን በጣም፣ አንዱን ትንሽ። … አራተኛውን ግን አላላው። በደንብ አላላው፣ ክረምቱን ሙሉ የሚያሠራው ይሁን። … እሺ። … እሺ የኔ ወንድም። ቻው።